ሲግል የሚጠፋ እሳት

ቮልሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ያለችብኝ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ የአሜሪካ ኤምባሲን አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ ነው። አልተንገጫገጨችም፤ አልተንተፋተፈችም። መብራት እንደሄደበት ቤት በአንዴ ድርግም አለች። የእጅ ፍሬን ስቤ ወረድኩ፤ ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ወሸቅኩ፤ የሞተሩን ክዳን ከፍቼ ቆምኩ። ምን እንደምፈልግ ግን አላውቅም ነበር። አጠገቤ ደርሶ ያዘገመ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «ግላ ነው፤ እስቲ ትንሽ ትረፍ» ብሎኝ አለፈ። እንዳለውም ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ቁልፉን ሳዞር ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ተነሳች።

ለሦስት ወር መልስ የፈለግኩለት ጥያቄ ያን ቀን ተጀመረ። ሲግል የሚጠፋ፣ ሲበርድ የሚመለስ ምንድን ነው?

መኪናዋ የአባቴ ናት። 1300 የሚሏት ቮልስዋገን ስትሆን 1,285 ሲሲ የሆነ፣ ውኃ የማይፈልግ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ከኋላዋ ተሸክማለች። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስን የማያውቅ የለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት ይዛቸው የወጣችው ቮልስ ነበረች። በ2003 እ.ኤ.አ. የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ከሚገኘው ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። የእኛዋ ግን ለእኔ አንዲት ናት። በልጅነቴ አባዬ ከሥራ መምጣቱን የምትነግረን እሷ ነበረች፤ ገና ከሰፈሩ መታጠፊያ ላይ ድምፅዋ ሲሰማ በሩን ለመክፈት እንሮጣለን። አባዬ ካረፈ በኋላ ወንድሞቼ «ሽጫት» ሲሉኝ እሺ ያላልኩት ለዚያ ድምፅ ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ጋራዥ ወሰድኳት። አራቱም ካንዴላ ተቀየረ። እንደገና ስትጠፋ ካርቡራቶሩ ወርዶ ታጠበ። አሁንም ስትጠፋ የቤንዚን ፖምፓው ተቀየረ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ቮልሷም ጋራዥ በር ላይ ስትደርስ በሽታዋን ትደብቅ ነበር። ሁልጊዜ የምትደርሰው ካረፈች በኋላ ስለሆነ መካኒኩ ቁልፉን ሲያዞር ወዲያው ትነሳለች። ፊቱ ያለችው ጤነኛ መኪና ናትና በግምት አንድ ዕቃ ይቀይራል። ከግምት በቀር የሚይዘው ነገር አልነበረውም፤ የግምቱን ዋጋ የምከፍለው ግን እኔ ነበርኩ።

ከቤታችን ሦስት አጥር ወረድ ብሎ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቮልስ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። የአባቴ ወዳጅ ነበሩ። ዓይናቸው ስለደከመ ሥራውን ትተው ጠዋት ጠዋት ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አንድ ቅዳሜ ሄጄ ችግሬን ነገርኳቸው። «መፍቻ አምጪ» የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጥያቄ ጀመሩ።

«ስትጠፋ እየተንቀጠቀጠች ነው ወይስ በአንዴ?»

«በአንዴ ነው ጋሼ።»

«ከተነሳሽ ስንት ደቂቃ በኋላ?»

አላውቅም።

«ዳገት ላይ ብቻ ነው ወይስ ሜዳም ላይ?»

እሱንም በእርግጠኝነት አላውቅም።

«ከጠፋች በኋላ ቁልፉን ስታዞሪ ሞተሪኖው በደንብ ያዞራታል?»

«ያዞራታል፤ ግን አትነሳም።»

«በይ እንግዲህ ልጄ፣ አንዱን አወቅን ማለት ነው፤ ባትሪው አይደለም። ሌላውን ደግሞ ደብተር ገዝተሽ ጻፊ። እኔ ዓይኔ ደክሟል፤ አንቺ እያየሽ ትነግሪኛለሽ።»

በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰባት ጊዜ ጠፋችብኝ፤ ሰባቱንም ጻፍኩ። ከነዚያ ውስጥ አምስቱ ዳገት ላይ ነበሩ፤ ሁለቱ ደግሞ ፒያሳ የመኪና ሰልፍ ውስጥ። ጠዋት በብርድ አንድም ቀን ጠፍታ አታውቅም። ከተነሳሁ ከሃያ አምስት ደቂቃ በፊትም አልጠፋችም። ደብተሩን ሳነብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዳገቱ አይደለም በይኛ። ሙቀቱ ነው።» የዳገቱን ነገር ሦስት ጋራዥ ስናገር ከርሜ ነበር፤ የፒያሳዎቹን ሁለት ቀናት ባልጽፋቸው ኖሮ እስከ ዛሬም ዳገቱን እከስ ነበር።

ቀጥለው ያስተማሩኝን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ደግሜዋለሁ። «ሞተር የሚለምነው ሦስት ነገር ነው፤ ቤንዚን፣ አየርና እሳት። እሳቱ ደግሞ በሰዓቱ መድረስ አለበት። ሞተሪኖው እያዞራት ካልተነሳች ከሦስቱ አንዱ ቀርቷል። የትኛው እንደቀረ ሳታውቂ ዕቃ አትቀይሪ።»

እኔ ግን ያወቅኩ መሰለኝ። የአየር ግፊት ሲቀንስ ፈሳሽ ቶሎ እንደሚፈላ ከትምህርት ቤት አስታውሳለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውኃ 100 ሳይደርስ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ቤንዚንም እንዲሁ ቶሎ ይተናል። የቮልስ ፖምፓ ደግሞ እሞተሩ ላይ የተቀመጠ ነው። ሞተሩ ሲግል ቤንዚኑ ፖምፓው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ ፖምፓ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት አይችልም፤ ስለዚህ ሞተሩ ይራባል። ሲበርድ እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽነቱ ይመለሳል፤ መኪናዋም ትነሳለች። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ።

በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠፋ ወደ አንድ ሱቅ ሄጄ ውኃ ለምኜ፣ ያለኝን ጨርቅ ነክሬ ፖምፓው ላይ ጠቀለልኩ። ቁልፉን አዞርኩ፤ ተነሳች። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እቤት ሳልገባ በቀጥታ እሳቸው ደጅ አቆምኳትና ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው በጸጥታ ሰሙኝ።

«ሱቁ ሩቅ ነው?»

«ትንሽ ራቅ ይላል።»

«ከጠፋችበት ጀምሮ ቁልፉን እስካዞርሽበት ድረስ ስንት ደቂቃ ሆነ?»

ደብተሬን አየሁ። ሃያ ስምንት ደቂቃ ይላል።

«ታዲያ ያዳናት ጨርቁ ነው ወይስ ዕረፍቱ?»

መልስ አልነበረኝም። ሳትነካ ብትቀመጥም በሃያ አምስት ደቂቃ ትነሳ ነበር። ያንን ቀን ባሰብኩ ቁጥር፣ ሰው የተሳሳተ መድኃኒት በራሱ ከሚሽር በሽታ ጋር አጋጥሞ ስንት ዓመት ሊያምን እንደሚችል ይታየኛል። ግምቴ ሞኝነት አልነበረበትም፤ በቮልስ ላይ በእርግጥ የሚደርስ ችግር ነው። የጎደለው ነገር ግምቴ ስሕተት ከሆነ የሚያጋልጠው ፈተና ነበር።

በማግስቱ እሑድ ግቢያችን ውስጥ፣ ቮልሷ ጤነኛ ሆና በቀዝቃዛው ሳለች አስተማሩኝ። «የጤነኛውን መልክ ሳታውቂ የታመመውን አትለዪውም» አሉ። ወንበር ላይ ተቀምጠው «ካቻቢቴውን አንሺ»፣ «ፒንሳውን ያዢ» እያሉ ያዙኛል። ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቦቢና፤ የአማርኛ ስም መስለውኝ ያደግኩባቸው እነዚህ ቃላት ጣልያን ያመጣቸው ናቸው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቃሉ ጋራዥ ውስጥ ቀርቶ ከሰማንያ ዓመት በላይ ከአባት ለልጅ፣ ከመካኒክ ለረዳት ሲተላለፍ ኖሯል። አሁን ደግሞ ለእኔ ደረሰ።

መጀመሪያ ቤንዚኑን አየን። እሳት እንዳይፈጠር የቦቢናውን ወፍራም ሽቦ ነቅለን ከብረት ጋር አገናኘን። ከዚያ ወደ ካርቡራቶሩ የሚገባውን ጎማ አላቅቀን ጠርሙስ ውስጥ አደረግንና ሞተሪኖውን አዞርን። ቤንዚኑ እንደ ልብ ምት እየቆጠረ ጠርሙሱ ውስጥ ይረጭ ጀመር። ቀጥሎ ጎማውን መልሰን፣ ጠርሙሱን ከድነን፣ ወደ ግቢው ጫፍ አርቀን ካስቀመጥን በኋላ እሳቱን አየን። ወፍራሙን ሽቦ እጀታው ጎማ በለበሰ ፒንሳ ይዤ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አራቅኩት። ሞተሪኖው ሲዞር ሰማያዊ እሳት ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለ ዘለለ። «ይህን መልክና ይህን ድምፅ ያዢ» አሉኝ።

እሳቱ ከየት እንደሚመጣም ያን ቀን ገባኝ። ቦቢና ቆርቆሮ ውስጥ የታሸገ ሁለት የሽቦ ጥቅል ነው። አንዱ ወፈር ያለ ሽቦ በመቶዎች የሚቆጠር ዙር የተጠቀለለበት ነው፤ ሌላው ከፀጉር የሚቀጥን ሽቦ በብዙ ሺህ ዙር የተጠቀለለበት ነው። የባትሪው 12 ቮልት በወፍራሙ ያልፋል። ፑንቲና የምትባለው፣ 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ የምትከፈት ትንሽ በር ድንገት ስትከፈት ያ ፍሰት ይቆረጣል። በተቆረጠበት ቅጽበት በቀጭኑ ሽቦ ላይ ከ10 ሺህ በላይ ቮልት ይፈጠርና ካንዴላው ጫፍ ላይ እሳት ሆኖ ይዘላል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ይህ ሁሉ በአንድ ሰከንድ ውስጥ መቶ ጊዜ ይሆናል። አባቴ ከሥራ ሲመጣ የምንሰማው ድምፅ ውስጥ ይህ ሁሉ ነበረበት።

መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ አምፖል ሁለት ሽቦ ቀጥለው ሰጡኝ። «ቦቢናው ላይ 15 የሚል መግቢያ፣ 1 የሚል መውጫ አለ። እሳት ከጠፋ ከመውጫው ወደ ፑንቲናው የምትሄደውን ቀጭን ሽቦ ንቀያት። ከዚያ ቁልፉን ከፍተሽ አምፖሉን መጀመሪያ መግቢያው ላይ፣ ቀጥሎ መውጫው ላይ አድርጊ። ጤነኛ ከሆነ ሁለቱም ጋ ይበራል።» ሞከርኩት። ሁለቱም ጋ በራ።

የቀረው መጥፋቷን መጠበቅ ነበር። ለሦስት ወር ስፈራው የነበረውን ነገር አሁን በጉጉት እጠብቀው ጀመር። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በሚያዝያ ፀሐይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ያው ዳገት ላይ ድርግም አለች። ሰዓቴን አየሁ፤ ደብተሩ ላይ 8፡14 ብዬ ጻፍኩ፤ የሞተሩን ክዳን ከፈትኩ።

ወፍራሙን ሽቦ በፒንሳ ያዝኩ። አንድ የሰፈር ልጅ ቁልፉን እንዲያዞርልኝ ለመንኩት። ሞተሪኖው በኃይል አዞረ፤ ሰማያዊው እሳት ግን አልነበረም። አንድም አልዘለለም። ስለዚህ ቤንዚን አልነበረም። ፖምፓው፣ ካርቡራቶሩ፣ ጨርቄ፣ ሁሉም ከጥያቄው ወጡ።

ቀጭኗን ሽቦ ነቀልኩ። አምፖሉን መግቢያው ላይ አደረግኩ፤ በራ። መውጫው ላይ አደረግኩ፤ ጨለማ። ደግሜ ሞከርኩ። መግቢያው ብርሃን፣ መውጫው ጨለማ። ቦቢናው የገባለትን አያወጣም ነበር። ፑንቲናውም ሌላውም ከሽቦው ተለያይተው ስለነበር ሰበብ የሚሆን ሌላ ዕቃ አልቀረም።

ግን አንድ ጊዜ ጨርቅ አታሎኛል። ስለዚህ አምፖሉን መውጫው ላይ አስሬ ተውኩት፤ የያዝኩትን እርጥብ ጨርቅ በቦቢናው ገላ ላይ ብቻ፣ ሽቦዎቹ ጋ ውኃ ሳይደርስ ጠቀለልኩ። ሌላ ምንም አልነካሁም። ልጁም እኔም ቁጭ ብለን አምፖሏን ማየት ጀመርን። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ሦስት። ከአራት ደቂቃ ጥቂት እንዳለፈ አምፖሏ ማንም ሳይነካት በራች።

ልጁ «እንዴ!» ብሎ ተነሳ። እኔ አልተነሳሁም። ቦቢናው ውስጥ ያለው ስንጥቅ ሽቦ ሲግል ተለጥጦ ይላቀቃል፣ ሲበርድ ተሰብስቦ ይገናኛል፤ ያ መገናኘት ዓይኔ ሥር ሆነ። ሃያ አምስቱን ደቂቃ አራት ያደረገው ጨርቅ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነበር። ሽቦዎቹን መልሼ ቁልፉን አዞርኩ፤ ተነሳች። ደብተሩ ላይ 8፡27 ብዬ ጻፍኩ።

ሰኞ ሶማሌ ተራ ሄድኩ፤ ቴስተር ይዤ። ጋሼ ያስጠነቀቁኝ ነገር ነበር። ከውጭ ሁሉም ቦቢና ይመሳሰላል፤ ውስጡ ግን ይለያል። ለቮልሷ የሚስማማው በመግቢያውና በመውጫው መካከል ሲለካ 3 ተኩል ኦም ገደማ የሚያሳይ ነው፤ 1 ተኩል የሚያሳየው ፑንቲናውን ያቃጥላል። ሻጩ ያቀረበልኝ የመጀመሪያው 1 ተኩል አሳየ። ሁለተኛው ትክክል ነበር። ለመቀየር ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። በዚያው ሳምንት በሽሮ ሜዳ አልፌ እስከ እንጦጦ ማርያም ድረስ አንዴም ሳትቆም ወጣች።

ለጋሼ ይህን ስነግራቸው የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር። «ጎበዝ» አሉኝ፤ ቀጥለው ግን «ለምን ሞተ?» አሉ።

«ማ?»

«ቦቢናው ነዋ። ቦቢና ዝም ብሎ አይሞትም። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ተከፍቶ ከቆየና ፑንቲናዋ በተዘጋችበት ከቆመች፣ ጉልበቱ ሁሉ ሳይቆረጥ በውስጡ ሲፈስ ይቀቀላል። ቁልፍ ከፍቶ የሚቀመጥ ሰው ነበራችሁ?»

«የለም» አልኳቸው።

ማታ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ትዝ አለኝ።

አባዬ ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ ሲመሽ ቮልሷ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥ ነበር። የትም አይሄድም፤ ግቢ ውስጥ እንደቆመች መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ሬዲዮ ይሰማል። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን፣ የልጅ ልጆች፣ ጫጫታ አለ። እራት ሲደርስ እኔ ነበርኩ ወጥቼ የምጠራው። «ዜናው ይለቅ» ይለኛል። ያ ሬዲዮ ደግሞ ቁልፉ ካልተከፈተ አይሠራም።

ጠዋት ሞከርኩት። ፑንቲናዋ እስክትዘጋ ድረስ ሞተሩን በእጄ ጥቂት አዞርኩ፤ ቁልፉን ከፍቼ ሬዲዮውን አበራሁ። በሙከራ አዲሱን እንዳልጎዳ ብዬ ያንን የሞተውን ቦቢና ነበር መልሼ የገጠምኩት። 12 ቮልት በ3 ተኩል ኦም ውስጥ ሲያልፍ 40 ዋት ገደማ ሙቀት ይሆናል፤ የሚያስወጣው ማራገቢያ ግን ሞተሩ ስለቆመ አይዞርም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቦቢናው እንደ ሻይ ብርጭቆ ሞቀ። ትንሽ ቆይቶ እጄን ላስቀምጥበት አልቻልኩም። ፑንቲናዋ ተከፍታ ስትቆም ግን ምንም አይሞቅም፤ ለዚህ ነው በአንድ ምሽት ያልሞተው። ዓመታት የፈጀው ለዚህ ነው።

ለካ ሦስት ወር ሙሉ ስፈልገው የነበረው የአባቴን ምሽቶች ነው። ከአባቴ ስለ መኪና አንድም ትምህርት አልወሰድኩም። እሱ የተወልኝ ጥያቄውን ነበር፤ ጥያቄውን እንዴት እንደሚጠይቁት ያስተማረኝ ደግሞ ወዳጁ ነው። ያንን ቦቢና እንደ ሌሎቹ ዕቃዎች በግምት ቀይረውልኝ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ ትድን ነበር፤ እኔ ግን ይህን ሳላውቅ እቀር ነበር። አዲሱም ቦቢና አንድ ቀን በዚያው በሽታ ይሞት ነበር።

የመጨረሻውን ጥገና ብቻዬን ሠራሁት። ከኋላ መቀመጫው ሥር ካለው ባትሪ ለሬዲዮው የራሱ የሆነ መስመር፣ ከነፊውዙ ዘረጋሁለት፤ ማብሪያ ማጥፊያም ገጠምኩለት። ያን ዕለት ሲመሽ ገብቼ ተቀመጥኩ። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጌ ሬዲዮውን ከፈትኩ። ቤት ውስጥ ጫጫታ ነበር። እራት ደርሶ ሲጠሩኝ «ዜናው ይለቅ» አልኳቸው። ከመግባቴ በፊት ወደ ኋላ ዞሬ የሞተሩን ክዳን ከፈትኩና ቦቢናውን በመዳፌ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።